ስለ ብስክሌት ልክ፤ የእግር ጣትም ከፊተኛው መንኰራኵር ጋራ እንዳይጋጭ

ገበሬ ሞፈር ሲቈርጥ እንዲያው በግምት አይቈርጥም። አስቀድሞ የበሬዎቹን ቁመትና ርዝመት ይመለከታል፤ ሞፈሩ ያጠረ እንደ ሆነ ማረሻው ወደ በሬዎቹ ሰኰና ተጠግቶ የኋላ እግራቸውን ይወጋልና። ሞፈሩ ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ደግሞ በማሳው ዳር ለመዞር ያስቸግራል። ስለዚህ ብልህ ገበሬ በሬው በተወጋ ጊዜ በሬውን አይመታም፤ ሞፈሩን ይለካል እንጂ።

ልጆች ሆይ፥ ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ብስክሌት ነው፤ ነገሩ ግን ከሞፈሩ ነገር የራቀ አይደለም። ብስክሌትም እንደ ሞፈር ልክ አለው። ልኩ ከጋላቢው ጋራ ያልተስማማ እንደ ሆነ የጋላቢው እግር ጣት ከፊተኛው መንኰራኵር ጋራ ይጋጫል፤ ጋላቢውም ይወድቃል። ያን ጊዜ ያየው ሰው ሁሉ «አልለመደም» ብሎ ይሥቅበታል፤ ብስክሌቱን ግን የሚለካ ሰው አይገኝም።

ይህን የምጽፍ እኔ ብስክሌትን የለመድሁት በጐልማሳነቴ ነው። አንድ ቀን ደብዳቤ ይዤ ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ደረስሁና ወደ ቀኝ ለመታጠፍ መሪውን አዞርሁ። የግራ እግሬ ጫማ ጫፍ ከጎማው ጋራ ተያዘና ወደቅሁ። ወረቀቱ ተበተነ፤ ዘበኛውም ሣቀ፤ እኔም ጥፋቱ የራሴ ነው ብዬ አፈርሁ። በኋላ ብስክሌቱን አቁሜ በክር ስለካው ግን ከእኔ እግር ጋራ ልክ አለመሆኑን አገኘሁ። የለካሁትን ነገር ለእናንተ ለማስረዳት ይህን ጻፍሁ።

1ኛ፤ ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ እንደ መጣ

በዚህ ጽሑፍ የተነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1817 ዓመት በጀርመን አገር ካርል ፎን ድራይስ የተባለ ሰው ሁለት መንኰራኵር ፊትና ኋላ ሆነው የተሰኩበት የእንጨት መሣሪያ ሠርቶ በማንሃይም ከተማ ነዳው። ፔዳል አልነበረውም፤ የተቀመጠበት ሰው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1860ዎቹ ዓመታት በፈረንሳይ አገር ፔዳል በፊተኛው መንኰራኵር እምብርት ላይ ተተከለ። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብዙ መንገድ እንዲሄድ ብለውም የፊተኛውን መንኰራኵር እያሳደጉት ሄዱ፤ እስከ ሰው ደረት የሚደርስም ሆነ። ከዚህ ከፍታ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ ጉዳት ያገኘው ነበር።

በ1885 ዓመት ጆን ኬምፕ ስታርሊ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ሮቨር የተባለውን ብስክሌት አወጣ። በዚህ ብስክሌት ኮርቻው ዝቅ አለ፤ ፔዳሉ ከፊተኛው መንኰራኵር ተለይቶ በሁለቱ መንኰራኵሮች መካከል ተተከለ፤ ኋለኛው መንኰራኵርም በሰንሰለት ይነዳ ጀመር። በ1888 ዓመት ደግሞ ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለብስክሌት የሚሆን በነፋስ የሚሞላ ጎማ ሠርቶ አስመዘገበ። ዛሬ በከተማና በገጠር የምናየው ብስክሌት ሁሉ የዚህ ዘር ነው።

እንግዲህ አስተውሉ። ፔዳሉ በመንኰራኵሩ እምብርት ላይ ሳለ እግርና መንኰራኵር አብረው ይዞሩ ነበር። ፔዳሉ በመካከል ከተተከለ በኋላ ግን እግር ለብቻው መንኰራኵርም ለብቻው ይዞራሉ። ሁለት ጎረቤታሞች ጠብ እንዳይነሣባቸው ድንበር እንደሚያስፈልጋቸው፥ ለእግርና ለመንኰራኵርም ድንበር አስፈለጋቸው።

2ኛ፤ ስለ ክፍሎቹ ስም

የብስክሌት የብረቱ አፅም ቴላዮ ይባላል። ከኮርቻው ወደ ፊት የሚሄደውን የላይኛ ቧንቧ እንለዋለን። በፊት በኩል ቆሞ መሪውን የሚሸከመው አጭር ቧንቧ የመሪ አንገት ነው። ከመሪው አንገት ወርዶ የፊተኛውን መንኰራኵር በሁለት ወገን የሚይዘው ሹካ ነው። ፔዳሎቹ የሚዞሩበት መካከለኛ ቦታ የፔዳል እምብርት ነው፤ ከዚህ እምብርት እስከ ፔዳሉ የሚደርሰው ብረትም የፔዳል ክንድ ነው። ጭቃ የሚከለክለውም ቆርቆሮ ፓራፋንጎ ይባላል።

ከፔዳል እምብርት እስከ ፊተኛው መንኰራኵር እምብርት ያለውን ርቀት የፊት ርቀት ብለን እንጥራው። በእግር ጣትና በጎማው መካከል የሚተርፈውን ባዶ ቦታ ደግሞ የጣት ማለፊያ እንበለው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው።

3ኛ፤ እግርና መንኰራኵር ስለሚገናኙበት ምክንያት

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። የፊት ርቀቱ 58 ሴንቲሜትር የሆነ ብስክሌት አለ እንበል። የፊተኛው መንኰራኵር ከእምብርቱ እስከ ጎማው ጠርዝ 34 ሴንቲሜትር ነው። 34 ከ58 ሲቀነስ 24 ይቀራል። ከፔዳል እምብርት ወደ ፊት ለእግር የቀረለት ቦታ እንግዲህ 24 ሴንቲሜትር ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ እግሩ የሚፈልገውን እንቍጠር። የፔዳሉ ክንድ 17 ሴንቲሜትር ነው። የጫማው ጫፍ ከፔዳሉ መካከል ወደ ፊት 10 ሴንቲሜትር ያልፋል። 17ና 10 ሲደመሩ 27 ይሆናሉ። የተሰጠው ቦታ 24፥ የሚያስፈልገው ግን 27 ስለ ሆነ 3 ሴንቲሜትር ይጐድላል። መሪው ሲዞር ጎማውና ጣቱ የሚጋጩት በዚህ በ3 ሴንቲሜትር ነው።

ሌላ ብስክሌት ደግሞ ከፍ ላለ ሰው የተሠራና የፊት ርቀቱ 62 ሴንቲሜትር የሆነ እንበል። መንኰራኵሩና የፔዳሉ ክንድ አልተለወጡም። 34 ከ62 ሲቀነስ 28 ይሆናል፤ የሚያስፈልገውም 27 ነው። ጣቱ 1 ሴንቲሜትር ተርፎት ያልፋል።

ይህ ሒሳብ ነገሩን ለማስረዳት እንጂ ፍጹም አይደለም። የፔዳል እምብርት ከመንኰራኵሩ እምብርት ጥቂት ዝቅ ይላል፤ መንኰራኵሩም ሲዞር ወደ ጎን ይሄዳል። ስለዚህ እውነተኛው ልክ የሚገኘው ከብስክሌቱ ላይ በመለካት ነው።

በአሜሪካ መንግሥት ደንብ እግርን በማሰሪያ የሚይዝ ነገር በሌለው ብስክሌት ላይ ከፔዳሉ መካከል እስከ ጎማው ወይም እስከ ፓራፋንጎው ቢያንስ 89 ሚሊሜትር እንዲኖር ታዟል፤ ይህም መሪው ወደ የትኛውም ወገን ቢዞር ነው። በፊተኛው ምሳሌያችን ከፔዳሉ መካከል እስከ ጎማው ያለው 7 ሴንቲሜትር ስለ ሆነ ከዚህ ልክ ይጐድላል፤ በሁለተኛው 11 ሴንቲሜትር ስለ ሆነ ያልፋል። ነገር ግን ደንቡ የሚለካው ብረቱን እንጂ የእናንተን ጫማ አይደለም። ጫማው ከፔዳሉ 10 ሴንቲሜትር የሚያልፍ ሰው ደንቡን በፈጸመ ብስክሌት ላይ ተቀምጦም ሊጋጭ ይችላል።

4ኛ፤ መቼና በየትኛው እግር እንደሚሆን

መሪውን ወደ ቀኝ ስናዞር የፊተኛው መንኰራኵር ፊቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ጀርባው ግን ወደ ግራ ይወጣል። ስለዚህ ወደ ቀኝ ስንታጠፍ የሚያዘው የግራ እግር ነው፤ ወደ ግራ ስንታጠፍም የቀኝ እግር ነው። ይህም የሚሆነው ያ እግር ወደ ፊት በተዘረጋ ጊዜ ነው።

ደግሞም በፍጥነት በሚሄዱበት ጊዜ ይህ ነገር አይሆንም። ብስክሌት ሲፈጥን የሚታጠፈው ጋላቢው ከነብስክሌቱ ወደ አንድ ወገን ጥቂት ሲጋደም ነው፤ መሪው የሚዞረው በጥቂት ብቻ ስለ ሆነ ጎማው እስከ እግር አይደርስም። መሪው ብዙ የሚዞረው ዝግ ብለን ስንሄድ ነው፤ ይኸውም በር ስንገባ፥ በጠባብ ቦታ ስንመለስ፥ ዳገት ላይ ስንንገዳገድ፥ ከጕድጓድ ስንሸሽ ነው። ብዙ ጊዜ አደጋው ከባድ የማይሆነው ስለዚህ ነው። ሆኖም መኪና በሚመላለስበት መንገድ ላይ ዝግ ብሎ መውደቅም ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላልና አይናቅ።

5ኛ፤ ሠሪዎቹ መንኰራኵሩን ለምን አያርቁትም

«መንኰራኵሩን ጥቂት ወደ ፊት ቢያርቁት ነገሩ ሁሉ አያልቅምን?» የሚል ተማሪ ይኖራል። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱን ግን በክር ፈትኑት።

አንድ ክር በመሪው አንገት መካከል፥ ጋደል ባለበት አቅጣጫ አስይዛችሁ እስከ መሬት ዘርጉት። ክሩ መሬት የሚነካው ጎማው መሬት ከሚነካበት ቦታ ጥቂት ሴንቲሜትር ቀድሞ ነው። ጎማው ክሩን ከኋላ ይከተለዋል ማለት ነው። ይህ መከተል መንኰራኵሩ ወደ ቀጥታው እንዲመለስ ያግዘዋል፤ መሪውም በእጅ ላይ የተረጋጋ ይሆናል።

የሹካውን ጫፍ አስረዝመው ወደ ፊት ያወጡት እንደ ሆነ መንኰራኵሩ ከእግር ይርቃል፤ ነገር ግን የመከተሉ ርቀት ያጥርና መሪው ቶሎ ቶሎ የሚወላውል ይሆናል። የመሪውን አንገት ይበልጥ ወደ ኋላ ያጋደሙት እንደ ሆነ መንኰራኵሩ አሁንም ይርቃል፤ የመከተሉ ርቀት ግን ይረዝምና ዝግ ሲሉ መሪው የሚከብድ ይሆናል። አዋቂ ሠሪ ሁለቱን በመጠን አስተካክሎ ያደርጋል። ለምሳሌ የአንገቱ ጋደላ 73 ዲግሪ፥ ሹካውም ወደ ፊት 45 ሚሊሜትር የወጣ ቢሆን፥ የመከተሉ ርቀት 56 ሚሊሜትር ያህል ነው። አንገቱን 71 ዲግሪ ሹካውንም 55 ሚሊሜትር ቢያደርገው የመከተሉ ርቀት 58 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። መሪው ብዙ ሳይለወጥ መንኰራኵሩ ከእግር ይርቃል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ እንዲህ አይደረግም? አንደኛ፥ ለእያንዳንዱ ቁመት የተለየ ሹካ መሥራት ወጪን ያበዛል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ሹካ ለብዙ ልክ ይሰጣል። ሁለተኛ፥ መንኰራኵሩ ሲርቅ ብስክሌቱ ይረዝማል፤ በፊተኛው ጎማ ላይ የሚያርፈውም ክብደት ይቀንሳል። ለውድድር የሚሠራው ብስክሌት በጣም የተሰበሰበ የሆነው ስለዚህ ነው። ዕቃ ለመሸከም የሚሠራው የቀድሞው የእንግሊዝ ዓይነት ከባድ ብስክሌት ግን አንገቱ የተጋደመ፥ የፊት ርቀቱም ሰፊ ስለ ሆነ፥ ጣት ከጎማው ጋራ ብዙም አይጋጭበትም።

6ኛ፤ ስለ አጫጭር ሰዎች

ይህ ችግር ለሰው ሁሉ እኩል አልተከፈለም። ሰው ሲያጥር የሚሠራለት ቴላዮ ያጥራል፤ እጁ ከመሪው እንዲደርስ የላይኛው ቧንቧ ማጠር አለበትና። መንኰራኵሩ ግን ብዙ ጊዜ አያንስም። ስለዚህ ቴላዮው ባጠረ ቍጥር መንኰራኵሩ ወደ እግር ይጠጋል። የአጭር ሰው እግር በጥቂት ማጠሩ የጐደለውን ሁሉ አይመልስም። እንግዲህ አጭር ሰው፥ ብዙ ጊዜም ሴት ልጅ፥ ከሌላው ይልቅ ስትወድቅ «አትችልም» ይባላል፤ መሣሪያው ግን ከመጀመሪያው የተሰላው ለእርስዋ ቁመት አልነበረም።

ይህን ያስተዋለች ጆርጂና ቴሪ የተባለች ምሕንድስና የተማረች አሜሪካዊት ነበረች። በ1985 ዓመት በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ለሴቶች የሚሆን ብስክሌት የሚሠራ ድርጅት አቋቋመች። በትንንሾቹ ልኮች ላይ የኋላውን መንኰራኵር እንደ ተለመደው ትልቅ አድርጋ ተወችው፤ የፊተኛውን ግን ወደ 24 ኢንች አሳነሰችው። በምሳሌያችን እንየው፤ የፊት ርቀቱ 58 ሆኖ ፊተኛው መንኰራኵር እስከ ጎማው ጠርዝ 29 ሴንቲሜትር ቢሆን ለእግር 29 ሴንቲሜትር ይቀርለታል። የሚያስፈልገው 27 ስለ ሆነ 2 ሴንቲሜትር ይተርፋል። ሴቲቱ ጋላቢዎቹን አልወቀሰችም፤ ሞፈሩን ለካች።

ሆኖም ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር የለም። ትንሽ መንኰራኵር በጕድጓድ ላይ ከትልቁ ይልቅ ይነጥራል፤ ባለቤቱም ሁለት ዓይነት ጎማና ከመነዳሪ መያዝ ይኖርበታል። ለመንገድ ውድድርም የዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ደንብ ሁለቱ መንኰራኵሮች እኩል እንዲሆኑ ያዝዛል።

7ኛ፤ ብስክሌትን እንዴት መለካት እንደሚገባ

መምህሩ አንድ ብስክሌት አቁሞ ይህን በተማሪዎቹ ፊት ያሳይ።

ሀ) ጋላቢው በላይኛው ቧንቧ ላይ ተንፈራጦ በሁለት እግሩ ሙሉ ይቁም። በቧንቧውና በሰውነቱ መካከል ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ባዶ ቦታ ይኑር። ይህ ከሌለ ብስክሌቱ ረዝሞበታል።

ለ) በኮርቻው ይቀመጥ፤ ሌላ ሰው ይደግፈው። ፔዳሉ ወደ ታች በወረደ ጊዜ ተረከዙ በፔዳሉ ላይ ሲያርፍ ጕልበቱ ቀጥ ይበል። የእግሩን ፊተኛ ክፍል በፔዳሉ ላይ ሲያደርግ ያን ጊዜ ጕልበቱ በጥቂት ይታጠፋል፤ ልኩም ይህ ነው።

ሐ) እጁን ወደ መሪው ይዘርጋ። ክርኑ ጥቂት መታጠፍ አለበት፤ ወገቡም መጐተት የለበትም።

መ) አሁን ወደ ጣቱ እንምጣ። ደጋፊው ብስክሌቱን አጥብቆ ይያዝ። ጋላቢው ዘወትር የሚጫማውን ጫማ ተጫምቶ አንዱን እግሩን ወደ ፊት ያድርግ፤ የፔዳሉም ክንድ ከመሬት ጋራ ትይዩ ይሁን። ከዚህ በኋላ መሪው ቀስ ተብሎ ወደ ሌላው ወገን ይዙር። ጎማው በጫማው ፊት ሲያልፍ ባዶውን ቦታ በጣት ለኩ። ፔዳሉን ጥቂት ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ደግማችሁ ሞክሩ፤ በሌላውም እግር እንዲሁ አድርጉ። አንድ ጣት እንኳ የማያስገባ ቢሆን ተጠንቀቁ።

8ኛ፤ የሚጋጭ ሆኖ ቢገኝ ምን ይደረግ

መጀመሪያ ገንዘብ የማያስወጣውን አድርጉ። የእግር መካከል በፔዳል ላይ ሲያርፍ ጣቶች ብዙ ወደ ፊት ይወጣሉ፤ ስለዚህ ከጣቶቹ ሥር ያለው ወፍራሙ የእግር ክፍል በፔዳሉ መካከል ላይ ይሁን። ጫፉ የረዘመ ጫማ አትጫሙ። በባዶ እግር መጋለብም ጣትን በጎማው ያስልጣል።

ሁለተኛ፥ ፓራፋንጎውን ተመልከቱ። ከጎማው ወጣ ብሎ ስለሚቆም የጣትን ማለፊያ ይቀንሳል፤ ይልቁንም ማሰሪያው የላላ እንደ ሆነ ጣት ገፍቶት ወደ መንኰራኵሩ ሊገባና መንኰራኵሩን ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ ማሰሪያው ይጥበቅ። በበጋ ሊወልቅ ይችላል፤ በክረምት ግን ጭቃውን የሚከለክለው እርሱ ነው።

ሦስተኛ፥ ጎማውን በቀጭን ጎማ፥ የፔዳሉን ክንድ በአጭር ክንድ መለወጥ ይቻላል። ነገር ግን ክንዱ ከ17 ወደ 16 ተኩል ሴንቲሜትር ቢያጥር ትርፉ ግማሽ ሴንቲሜትር ብቻ ነው። 3 ሴንቲሜትር ለጐደለው ብስክሌት ይህ አይበቃም።

አራተኛ፥ ሹካውን በእሳት አግሎ ወደ ፊት ማጣመም ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። የተጣመመ ብረት ይደክማል፤ ሹካ ሲሰበርም ጋላቢው በፊቱ ይወድቃል። ያገለገለ ብስክሌት የምትገዙ እንደ ሆነም ሹካውን በጎን በኩል አስተውሉ። ከግድግዳ ወይም ከመኪና ጋራ የተጋጨ ሹካ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ቀድሞ የማይጋጨው ብስክሌት አሁን የሚጋጨው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

አምስተኛ፥ ብስክሌቱን መለወጥ የማይቻል ከሆነ ልማድን ለውጡ። በዝግታ ስትታጠፉ መርገጥን አቁሙ፤ በውጭ በኩል ያለውን እግር ወደ ታች አውርዱት። ያን ጊዜ ሁለቱም እግሮች ከመንኰራኵሩ መንገድ ውጭ ይሆናሉ። ወደ ኋላ ሲረገጥ ፍሬን የሚይዝ ብስክሌት ከሆነ ግን እግርን ማስተካከል የሚገባው መታጠፊያው ሳይደርስ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ በመታጠፊያው ላይ የታሰበ ጥንቃቄ አይጠቅምም።

9ኛ፤ ለወላጆች

ልብስ ሲገዙ «ያድግበታል» ብለው ሰፋ ያለውን የሚመርጡ ወላጆች አሉ። ለልብስ ይህ ጉዳት የለውም፤ እጅጌው ይታጠፋልና። ብስክሌት ግን አይታጠፍም። ረጅም ብስክሌት ላይ የወጣ ልጅ ሲቆም እግሩ መሬት አይደርስም፤ ፍሬኑንም በትንሽ እጁ በደንብ አይጨብጠውም። ትልቅ ብስክሌት ጣትን ከጎማው ቢያርቅም፥ እግሩ መሬት የማይነካ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መሬት የሚነካበት ልክ፥ ቀጥሎም የጣት ማለፊያ ይታይ። ሁለቱ ባይስማሙ መሬት መንካት ይቀድማል፤ የጣቱን ነገር በልማድ ማረም ይቻላል፥ የእግርን ማጠር ግን ልማድ አያስረዝመውም።

መደምደሚያ

ልጆች ሆይ፥ መሣሪያ ለሰው ተሠራ እንጂ ሰው ለመሣሪያ አልተሠራም። ጓደኛችሁ ከብስክሌት በወደቀ ጊዜ አስቀድማችሁ አንሡት፤ ቀጥላችሁ ብስክሌቱን ለኩ፤ ጥፋቱ የእርሱ እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ ንገሩት። በወንበርና በጠረጴዛ፥ በቀንበርና በዶማም ነገሩ እንዲሁ ነው።

ጥያቄ

1. ወደ ግራ ስንታጠፍ ከጎማው ጋራ ሊጋጭ የሚችለው የትኛው እግር ነው? ስለ ምን?

2. ብስክሌት በፍጥነት ሲሄድ ጣትና ጎማ የማይጋጩት ስለ ምንድን ነው?

3. የፊት ርቀቱ 60 ሴንቲሜትር፥ መንኰራኵሩ ከእምብርቱ እስከ ጎማው ጠርዝ 34፥ የፔዳሉ ክንድ 16 ተኩል፥ ከፔዳሉ የሚያልፈው ጫማ 9 ሴንቲሜትር ቢሆን፥ ጣቱ ያልፋልን? 1 ሴንቲሜትር የሚይዝ ፓራፋንጎ ቢጨመርበትስ?

4. በቤታችሁ ካሉት መሣሪያዎች ከሠራተኛው ቁመት ጋራ መስማማት የሚገባውን አንዱን መርጣችሁ ለኩ፤ ልኩንም ጽፋችሁ ለመምህራችሁ አሳዩ።